ሁለተኛው ስንኝ እስኪመጣ

ፔታሕ ቲክቫ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2014

ይድረስ ለአባቴ የአክስት ልጅ ለአያ ዳኛው፣ ጎንደር።

አያ ዳኛው፣ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ቀጥዬ ለማሲንቆዎ ጤና፣ ከዚያም ከሁለታችሁ ጋር ለሚኖሩት ለእትዬ ፋንትነሽ ትዕግሥት የእግዚአብሔርን ቸርነት እለምናለሁ። እኛ እዚህ በኤን ጋኒም ሁላችንም አለን። በዓላቱ አልፈዋል፤ አሁን ሰው ሁሉ የበላውን ለማውረድ አስፋልቱን ላይና ታች ይለዋል።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። እኔ የሀብቱ የበኩር ልጅ ስሜነህ ነኝ፤ ከጎንደር የወጣን ዕለት «ማሲንቆውንም እንውሰደው» ብዬ እያለቀስኩ መኪናውን ያስቆምኩት። ዛሬ ኪርያት ማታሎን ውስጥ የመስኮት ክፈፍ በሚሠራ ሚፍዓል፣ በእኛ አፍ ፋብሪካ፣ አሉሚኒየም ስቆርጥ እውላለሁ። ሐሙስ ሲመጣ ልብሴን ቀይሬ በሀገራችን ሰው ሰርግ ላይ ኦርጋን እጫወታለሁ፣ እዘፍናለሁ።

ድሮ አራት ነበርን። ከበሮ መቺው አገባና ሚስቱ ድምፅ አልወድም አለች። ጊታር የሚመታው የአውቶቡስ ሾፌር ሆነ። ቤዝ የሚይዘው ከሦስታችንም ጋር ተራ በተራ ተጣልቶ ሲያበቃ፣ የሚጣላው ሰው ስላጣ ሄደ። ብቻዬን ስቀር አጃቢ የሚሆን ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። ሥራው እንዲህ ነው፦ በግራ እጄ ሦስት ቁልፍ ስጫን ከበሮው፣ ቤዙና ጊታሩ ከማሽኑ ውስጥ ተነስተው ይከተሉኛል። ቁልፍ ስቀይር አብረውኝ ይቀይራሉ። ሲያሻኝ የቫዮሊን ሠራዊት አሰልፋለሁ። ኩርፊያ የለ፣ «የኔ እራት የት አለ» የሚል የለ።

ሁለት ችግር ግን አለበት። በአንቺሆዬ ቅኝት ስጀምርለት፣ ይህ ሰው ተሳስቷል ብሎ ነው መሰል፣ በራሱ ሥልጣን ያርመኛል፤ የአያቶቻችን ዘፈን መሃል ላይ የሰርከስ ሙዚቃ ይሆናል። ይህን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። አያ ዳኛው፣ ማሽኑ ሰው መጠበቅ አያውቅም።

ባለፈው ወር በአንድ ሰርግ ላይ አያ ሰጠኝ የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ብድግ ብለው «ተቀበል» አሉኝ። «እሺ ልቀበል» አልኩ።

የሙሽራው ቁመት ዋርካውን ያስንቃል፣

አሉ። ተቀብዬ ዘፈንኩት። ሽማግሌው ሁለተኛውን ስንኝ ለማምጣት አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። ማሽኑ ስምንት ቆጠረ፣ ሰውየው ጨርሷል ብሎ ፈረደ፣ ከበሮውን አንጎዳጎደ፣ ጽናጽሉን አጋጨና ዘፈኑን ዘጋው። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። የሙሽራው እናት እልል አለች። አያ ሰጠኝ ስንኛቸውን በአፋቸው እንደያዙ ተቀመጡ። መርዙ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ላይ ነበር። ሙሽራው እስከ ዛሬ የተሞገሰ ይመስለዋል፤ ሽማግሌው ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ።

ይህን ሁሉ የማወራው የእህቴ የታሊ ሰርግ በመጪው ሰኔ ስለሆነ ነው። እርስዎ በማሲንቆ፣ አባባ በግጥም ስንቱን እንደዳራችሁ እማዬ ስታወራ ነው ያደግነው። አባባ ለሰው ልጅ ሁሉ ግጥም ሰጥተው ለገዛ ልጃቸው ሳይሰጡ ቢቀሩ ምን ይባላል? እንደ ድሮውም አይፈጥኑም። እሳቸው ስንኝ ሲፈልጉ ማሽኑ ጽናጽል ካጋጨባቸው ከዚህ ሰፈር መሰደዴ ነው፤ ለሁለተኛ ስደት ደግሞ አቅም የለኝም።

ስለዚህ ማሲንቆዎን ቀድተው በፍላሽ ይላኩልኝ። ከማሽኑ ጋር አብሬ ባጫውተው ምናልባት ጠባይ ያስተምረው ይሆናል።

አባባ ሰላም ብለዋል።

ልጅዎ ስሜነህ



ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስሜነህ፣ ለእናቱ ለእታፈራሁ፣ ለሙሽራይቱ ለታሊ፣ እንዲሁም ለክቡር አጃቢ ኮምፒውተር። ሰላምታዬ እንደየማዕረጋችሁ ይከፋፈል። የሀብቱን ስም ዘልዬዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ማሲንቆዬም ደህና ናት፤ ባለፈው ክረምት ቆዳዋ ላልቶ ነበር፣ አሁን ፀሐይ ሲወጣ እሷም ድምጿ ወጣ። ፋንትነሽ ትዕግሥት የተመኘህላትን ሰምታ «ዘግይቷል» ብላለች። እኔ እንደ ጥንቱ ፒያሳ ባለው ሆቴል ለፈረንጅ እጫወታለሁ። ግጥም አይገባቸውም፤ እኔም አፍንጫቸውን እየሰደብኩ እዘፍናለሁ፣ እነሱም እያጨበጨቡ ፎቶ ያነሱኛል። በፍቅር እንኖራለን።

ስለ ማሽንህ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንዴ ለመረዳት፣ አንዴ ለመናደድ። ጠጅ የማይቀምስ፣ ሴት የማያይ፣ እንቅልፍ የማይጥለው አጃቢ አገኘሁ ትላለህ። ታዲያ ሰርግ ምን እንደሆነ ማን ነገረው? ስምንት ቆጥሮ የሚዘጋውስ ምን አስቸኳይ ጉዳይ ይዞት ነው? ልጆች አሉት? አውቶቡስ ያመልጠዋል? እኔ አንድ ጊዜ ወልቃይት ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለተኛ ስንኝ እስኪያመጣ ስጠብቅ የተጠበሰው በግ ተበልቶ አለቀ። ሽማግሌው አመጣው። ለበጉ ማንም አላዘነም።

አሁን ወደ ሀብቱ ልምጣ። «አባባ ሰላም ብለዋል» ብለህ ጽፈሃል። ልጄ፣ ሀብቱ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሀብቱ ይሰድበኛል። ደብዳቤ በላከ ቁጥር ከግርጌው ሁለት ስንኝ ያስቀምጣል፤ እኔ እነሱን እስክመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንዲህ ነው የኖርነው፣ ባሕር በመካከላችን ገብቶም አልተለወጠ። በአንተ ደብዳቤ ግርጌ ባዶ ወረቀት አየሁ።

ስልክም ደወልኩ። እናትህ «ሻወር ውስጥ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፣ ሻወር ውስጥ ነው። በበነጋታው ደወልኩ፣ ሻወር ውስጥ ነው። ሰው እንዲህ ከታጠበ ያልቃል። ስንኙን ይላክልኝ፣ ማሲንቆውን እልካለሁ። የማሲንቆዬ ዋጋ አንድ ስድብ ነው።

ዳኛው



ፔታሕ ቲክቫ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2015

ይድረስ ለተወደዱ አያ ዳኛው።

የእግዚአብሔር ጥበቃ ከእርስዎና ከቤትዎ አይለይ፤ ማሲንቆዎን እርጥበት አያግኛት። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሚፍዓሉ ውስጥ ሥራ በዛ፤ ክፋር ጋኒም አዲስ ፎቅ በተሠራ ቁጥር መስኮቱ በእኔ ላይ ነው የሚወድቀው።

ኮምፒውተሩ ሰላምታዎ ደርሶት ምንም አላለም። ጨዋነት ይሁን ኩራት አላወቅኩም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌው ስንኝ ሲፈልግ ማሲንቆው በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ይሠራል? ዝም ይላል ወይስ ይጫወታል? ማሽኑን ዝም ሳሰኘው ሰው ሁሉ መብራት የጠፋ መስሎት ጣሪያ ያያል፤ ሳጫውተው ደግሞ ይቸኩላል። በመካከል ምን አለ?

አባባ በሰደር ናቸው፤ በዕብራይስጥ «ደህና» ማለት ነው። ለዳኛው ምን ልበልላቸው ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ቃል ይኸው ነው፣ በሰደር። ትንሽ ደከም ብሏቸዋል፣ ቀኝ እጃቸውንም ያማቸዋልና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንኛቸው ይኸው፦

ሰላም ነው ወይ ዳኛው፣ ሰላም ነው ወይ ጤና፣
እኛ ሁላችንም በጣም በጣም ደህና።

ማሲንቆውን እጠብቃለሁ። ታሊ ነጭ ቀሚስ መርጣለች፤ እማዬ ጀርባው ክፍት ነው ብላ ሦስት ቀን አኩርፋለች።

ልጅዎ ስሜነህ



ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስሜነህ።

እግዚአብሔር ያጽናህ። እናትህን እታፈራሁን ያጽናት። ታሊን ለወግ ለማዕረግ ያብቃት።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የተላከውን ስንኝ አነበብኩ፣ ለፋንትነሽም አነበብኩላት። ሀብቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በወባ ተቃጥሎ ሲቃዥ እንኳ ግጥሙ መርዝ ነበረው። «በጣም በጣም ደህና» ብሎ የሚጽፍ ሀብቱ በዚህ ምድር ላይ የለም።

አልወቅስህም። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ እንደማይነገር የታወቀ ነው፤ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መጥቶ ነው የሚነገረው። እናንተ ደግሞ ሽማግሌ የምትልኩበት መንገድ የላችሁም። ሻወሩም አሁን ገባኝ። እኔ ራሴ ተረዳሁት፤ እናንተን ከሸክሙ ላሳርፋችሁ ብዬ ነው።

ቤቴ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጣ። ሆቴሉ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር የተጣላሁ መስሏቸው እርቅ ሊያመጡም የመጡ ነበሩ። አልቅሼ ወጣልኝ ማለት አልችልም፣ ግን አለቀስኩ።

ማሲንቆውን ቀድቻለሁ፣ አራት ዜማ ነው። ጎረቤታችን አምሳለች ልጆቿን ልታይ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ፍላሹን ሰጥቻታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በፖስታ ይከተላል። ሦስቱ ለታሊ ሰርግ ናቸው። አራተኛው የሀብቱ ነው። ለእሱ ያንጎራጎርኩት ነውና ለብቻችሁ ሆናችሁ ስሙት።

ለኮምፒውተሩ ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ይቅር ይበለኝ።

አጎትህ ዳኛው



ፔታሕ ቲክቫ፣ ማርች 8 ቀን 2015

አያ ዳኛው፣ ሰላምታውን ትንሽ አቆይቼ አንድ ነገር ልናገርና ከዚያ ጉልበትዎን እስማለሁ። አባባ ተናገሩ።

አቁመው ነበር ወይ ይሉኛል። አዎ። ከበዓላቱ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ደከመ፣ ቃላቸው ሁሉ ጠፋ። የተረፈቻቸው አንዲት ቃል «በሰደር» ናት። እዚህ ሀገር ከገቡ ጀምሮ «የሰው አፍ በአፌ አላስገባም» ብለው ዕብራይስጥን የናቁ ሰው፣ ከቃል ሁሉ የቀረቻቸው የዕብራይስጥ ቃል ሆነች። ሲርባቸው በሰደር፣ ሲናደዱ በሰደር፣ ታሊ አጠገባቸው ስታለቅስ በሰደር። የንግግር ሐኪሟ «ቃል ሲፈልጉ አትጨርሱላቸው፣ ጠብቋቸው» ትለናለች። እኛ ግን እንጨርስላቸዋለን። ውሃ ነው? ዳቦ ነው? ቴሌቪዥኑ ነው? ከማሽኑ በምን እንደምንሻል አላውቅም።

እማዬ «ለሩቅ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይጻፍም፣ ሲድን ራሱ ይንገረው» ብላ አስማለችኝ። ሻወሩ የእሷ ፈጠራ ነው። ስንኙ የእኔ ነው፤ አንብበው ምን እንደተሰማዎት ባላውቅ ይሻለኛል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ፍላሹን አምሳለች አደረሰችልኝ። ደብዳቤም በፖስታ ይከተላል ብላኛለች፤ እስካሁን የለም፣ ፖስታ ቤቱ የሆነ ቦታ አስቀምጦ እያሰበበት ነው። እኔም ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ ኮምፒውተሩን ሳሎን ዘርግቼ አራቱን በየተራ ከፈትኩ። አባባ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። አራተኛው ከሁሉ አማረኝ። ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚያላውስ ነገር ነው። የሙሽሪት መግቢያ ይሁን ብዬ መጀመሪያውን ቆርጬ ለማሽኑ ሰጠሁት። ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነበትና አፈጠነው። ከበሮ ጨመረበት። ጭብጨባ ጨመረበት። ታሊ ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ እንደ ሙሽራ ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ሶፋው እየተወዛወዘች መጣች። እኔም ትከሻዬን ለቀቅኩት።

አባባ ግራ እጃቸውን አነሱ። ማሽኑን አቆምኩ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ውሃ ነው ልላቸው ስል ታሊ አፌን ያዘችኝ። ጠበቅን።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እማዬ ከወጥ ቤት ማንኪያ ይዛ መጣች። ማንም አልሞተም አልናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው እየጠቆሙ አልተዉንም፤ ያልተቆረጠውን፣ ሙሉውን ከፈትኩላቸው። ከመግቢያው አልፌ ሰምቼው እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያ የእርስዎ ድምፅ መጣ፦

ሀብቱ ዝም ካለማ ማነው የሚሰድበኝ፣
አክባሪ ብቻ ነው ዙሪያ የከበበኝ።

እማዬ ማንኪያውን ጣለች። እኔ በገዛ አባቴ ሙሾ ስጨፍር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አባባ ግን ሳቁ። ግማሹ ፊታቸው ስለማይታዘዝ በግማሹ ሳቁ፤ ለእኛ ቤት በቂ ነበር። በእጃቸው ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ሌላ ሰው የራሱን ሙሾ ቢሰማ ይሸበራል፤ እሳቸው እንደ ዳኛ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሲያልቅ ረጅም ጊዜ ወስደው ፍርዳቸውን ሰጡ፦

«አነሰ።»

ሁለት ስንኝ ለእኔ አነሰ ማለታቸው ነው።

አያ ዳኛው፣ ይህን ጽፌ ሳልዘጋው የየካቲቱ ደብዳቤዎ ደረሰ። ንፍሮው አሳፈረኝ። አባባ በሕይወት አሉ። ቃሎቻቸው ገና ጥቂት ናቸው፣ ግን የእሳቸው ናቸው። ሰኔ ላይ ሁለት ስንኝ ሊሰጡ እንደሚፈልጉ በዓይናቸው ነግረውኛል። ማሽኑ እንዲጠብቃቸው ምን ላድርግ?

ጉልበትዎን ሳምኩ።

ስሜነህ



ጎንደር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአታላዩ ለስሜነህ፣ ለሻወር ደራሲዋ ለእታፈራሁ፣ በሙሾ ለጨፈረችው ለታሊ፣ ከሙታን ተለይቶ ለተነሳው ለሀብቱ፣ እንዲሁም ለክቡር ኮምፒውተር። በሕይወት ያላችሁትን ሁሉ ሰላም ብያለሁ።

እንባዬን በምን ትመልሱልኛላችሁ? ጎረቤቴን ሁሉ እየዞርኩ «ሀብቱ ተነስቷል» ስል ቄሱ በመጥፎ ዓይን አዩኝ። የንፍሮው ባለቤቶች ንፍሯቸውን ባይጠይቁኝም በልባቸው እንደያዙት አውቃለሁ። ፋንትነሽ «ያለቀስኩት ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ» ብላለች።

ደብዳቤህ እንደደረሰ ደወልኩ። ሀብቱ ከሻወር ወጥቶ ነበር። እንዴት ነህ አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ የስልኬ ካርድ ደግሞ እንደ በረዶ ይቀልጣል። ቃሉን ሙላለት ሙላለት አለኝ። ምላሴን ነከስኩ። ካርዱ ሊያልቅ ሲል፣

«አንተ ቂል» አለኝ።

ልጄ፣ ከዚህ የጠራ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ካርዱ እዚያው አለቀ፣ እኔም በደስታ አስፋልት ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። ሰው ስንኝ ሲፈልግ ማሲንቆ ዝምም አይልም፣ አይጫወትምም። አንድ ድምፅ ይይዛል። ደጋኑን ጭራው ላይ ላላ አድርገህ ትስባለህ፣ ሲያልቅ ሳታስታውቅ ወደ ኋላ ትመልሳለህ። «አለሁ፣ አልሄድኩም» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከበሮ ያን ጊዜ ከገባ ዱላ ነው። ሁለተኛው ነገር፣ ሰውየውን አትየው። ካየኸው ይቸኩላል። መሬት እይ፣ ጫማህን እይ፣ የራስህ ጉዳይ ያለህ ምሰል። በዚህ ነገር ኮምፒውተሩ ከብዙ አዝማሪ ይሻላል፣ ዓይን የለውም።

ያን አንድ ድምፅ ቀድቼ በስልክ ልኬልሃለሁ። መጀመሪያውና መጨረሻው እንዳይለይ አድርገህ እያዞርክ አጫውተው። መሃሉ ላይ ሳል ይዞኝ አንዴ ስያለሁ። እሷን ቁረጣት፣ ሰርግ ላይ አታዋርደኝ።

ሙሾው አነሰ ላለው፣ በሚቀጥለው ሞቱ አረዝምለታለሁ በለው።

ዳኛው



ፔታሕ ቲክቫ፣ ጁን 21 ቀን 2015

ይድረስ ለአያ ዳኛው፣ በሌሉበት ሰርግ ላይ ለዋሉት።

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ፣ ጉሮሮዎን ይማርልን። ታሊ ተዳረች።

ኡላሙ፣ ማለት የሰርግ አዳራሹ፣ ከእኛ ሚፍዓል ጀርባ ነው። መስኮቶቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ክፈፌን አየሁ፣ ደህና ነው። ፕሮግራሙ ላይ ያደረግኩትን ልንገርዎ። የእግር መርገጫ ገጠምኩለት። ስረግጠው ከበሮውም፣ ቤዙም፣ የቫዮሊን ሠራዊቱም ይወድቃሉ፤ የሚቀረው የእርስዎ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እግሬን እስካነሳ ድረስ መቁጠር አይችልም። ታሊ «ስንት ዓመት የተለፋበትን ማሽን ዝም ማሰኘት ነው የተማርከው?» አለችኝ፣ በዕብራይስጥ።

ዘፈኑ ሞቆ፣ የሙሽራው ጓደኞች አባባን ከነወንበራቸው ሊያነሱ ሲሉ አባባ በግራ እጃቸው መለሷቸው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆሙ።

«ተቀበል» አሉ።

«እሺ ልቀበል፣ አባባ» አልኩና ረገጥኩት።

የመጀመሪያውን ስንኝ ሰጡኝ። አንድ አንድ ቃል እያደረጉ፣ ሰው ድንጋይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰጡኝ። ተቀብዬ ዘፈንኩት። ከዚያ ሁለተኛው ጠፋ። ማሲንቆው ይዟል። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬን ያን ያህል አይቼው አላውቅም፤ አንዱ ማሰሪያ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። የአዳራሹ ኃላፊ መጥቶ መሣሪያው ተበላሽቷል ወይ አለኝ። እማዬ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አባባ ያጡትን ቃል ልትሞላላቸው መሆኑን አወቅኩ። ያን ጊዜ ከኋላ ጠረጴዛ አያ ሰጠኝ፣ እስከዚያ ቀን ሰላም የነሱኝ ሰውዬ፣ «ዝም በሉ፣ ማሲንቆው እየጠበቀ ነው» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

አሁን የምናገረውን ይቅር ይበሉኝ። ሳልዎን አልቆረጥኳትም ነበር። ልቆርጣት ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። ድምፁ ዞሮ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ አንዴ ሳሉ። ሰው ዞር ዞር አለ። ድምፁ ዞሮ መጣ፣ ደግመው ሳሉ። አባባ ቀና አሉ። በግማሽ ፊታቸው ሳቅ መጣ። «አሁንም ያስላል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ወጣ፤ ሁለቱንም ይኸው፦

ቸኩሎ ቀበረኝ ዳኛው ሳይጠብቀኝ፣
ታሊን ሳልድራትማ ሞት መቼ አወቀኝ።

እግሬን አነሳሁ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ቫዮሊኑ፣ ያለው ሁሉ ተነሳ። እልልታው ማሽኑን ዋጠው፣ ስምንት ይቁጠር አስር ይቁጠር የሰማው የለም። ታሊ በዚያ ጀርባው ክፍት በሆነ ቀሚሷ ከአባባ አንገት ላይ አልወርድ አለች። እማዬም ጀርባውን ረሳችው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲረጋጋ አያ ሰጠኝ ተነሱ። «እኔም ውዝፍ አለብኝ» አሉ። ያ በዋርካው ስንኝ የተሞገሰ የሚመስለው ሙሽራ ከሚስቱ ጋር ተጋብዞ ስጋ እየቆረጠ ነበር። ረገጥኩ፣ ጠበቅኩ፣ ምንም ሳይንተባተቡ፦

ሥራ ሲጠሩት ግን አጥሮ ይደበቃል።

ሚስቱ ናት ቀድማ ያጨበጨበችው።

አባባ ዛሬ ጠዋት ሰላም በልልኝ አላሉም። «ስደበው» ነው ያሉኝ። እኔ ግን አቅሙ የለኝም፣ እሳቸው ሲበረቱ ይጨርሱታል።

ልጅዎ ስሜነህ



ጎንደር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ በፔታሕ ቲክቫ ላላችሁት ለመላው ዘመዶቼ። የዳራችኋት ትውለድ፣ የቆማችሁበት አይንሸራተት፣ የሚጠራችሁ ሰው አያልቅ።

ሳሌን ቁረጣት ብዬህ ነበር። እግዚአብሔር አለመታዘዝህን ይባርክልህ። ፋንትነሽ ከእንግዲህ በስምህ እምላለሁ ብላለች።

የሀብቱን ስንኝ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አሰማሁ። በመላው ፔታሕ ቲክቫ ፊት ቸኳይ ተብዬ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚህ ተከብሬ አላውቅም። ሆቴሉ ውስጥም ለፈረንጆቹ ዘፈንኩላቸው፣ ፎቶ አነሱኝ።

ይህችን ደግሞ ለኮምፒውተሩ አንብብለት። ክቡር ሆይ፣ ስምንት ቆጥረህ ሽማግሌ አስቀምጠሃል ብዬ ስዘልፍህ ኖሬያለሁ። አንተ የዘጋኸው ዘፈን ነው። እኔ ግን የደብዳቤ ግርጌ ባዶ ሆኖ ስላየሁ፣ አንድ ደካማ ስንኝ ስለደረሰኝ፣ ሰውየውን ጨርሷል ብዬ ቀበርኩት፣ ንፍሮውንም በላሁ። ከሁለታችን የቸኮልኩት እኔ ነኝና ማዕረግህን መልሼልሃለሁ።

ስሜነህ፣ ያችን ድምፅ ከፕሮግራሙ አታውጣት። ለሌላም ሰው ትጠቅማለች።

ለሀብቱ መልሴን ጀምሬያለሁ። ልጨርሰው እችል ነበር፣ ሁለተኛው ስንኝ አፌ ላይ ነው። ግን ተውኩት። የመጀመሪያውን ብቻ ስጠው፤ ሁለተኛውን እሱ ይምታኝ። መስከረምም ይሁን ከመስከረም ወዲያ፣ ማሲንቆዬን ይዤ ጫማዬን እያየሁ ነው።

ከመቃብር ወጥቶ ለሚሳደበው ሰው፣